በየሻዕባኑ የፋቅኩት ግድግዳ

ስለ ሆዴ መጻፍ ያሳፍረኛል። እኛ ዘንድ ሴት ራሷን ያማታል፣ ወገቧን ያማታል፤ «ሆዴ ደርቋል» ብላ ግን ሰው ፊት አታወራም። እኔም ለወራት ለባሌ እንኳ በትክክል አልነገርኩትም ነበር። አሁን የምጽፈው ያ ማፈሬ ልጄን ሊጎዳት እንደነበረ ስለማውቅ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሕክምናውን ነገር በገባኝ መጠን እናገራለሁ፤ የቀረውን ሐኪም ጠይቁ።

የምንኖረው ሐረር፣ ከግንቡ ውስጥ፣ ከአማቴ ጋር ነው። አማቴን ጎረቤቱ ሁሉ አይ ዘይነባ ይላቸዋል፤ «አይ» በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባሌ ፉአድ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሂክማ ትባላለች። እኔ ስትታመም ብቻ ሳይሆን ስታስነጥስም የምደነግጥ እናት ነኝ። ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ አጥልዬ ነው የማጠጣት። ፉአድ «ይቺ ልጅ ትልቅ ስትሆን ዝናብ የምትፈራ ትሆናለች» እያለ ይስቅብኛል።

በእኛ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ነደባ ላይ ነው። ነደባ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መደብ ነው። ከበላዩ ሳሕንና ስፌት ይሰቀላል። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በሻዕባን ወር፣ ያ ሁሉ ይወርድና ቤቱ ይቀባል። ድሮ ነደባው በቀይ አፈር ይቀባ ነበር። እኔ ያገባሁበት ቤት ግን ከአማቴ የወጣትነት ጊዜ ጀምሮ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ነው የሚቀባው፤ ነደባው ቀይ፣ ጠርዙ ቢጫ፣ ግድግዳው አረንጓዴ።

ሌሎቹ ሴቶች አዲሱን ቀለም በአሮጌው ላይ ይደርባሉ። እኔ አልችልም። የተላጠው ጠርዝ ከሥር ጎብጦ ሲታይ ያሳክከኛል። ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ በቢላ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ጣቴ ምንም እብጠት እስከማያገኝ ድረስ እፍቃለሁ። ሙሽራ ሆኜ ስገባ ያስተማሩኝ አይ ዘይነባ ናቸው፤ እሳቸው ጉልበታቸው ሲደክም ሥራው ለእኔ ቀረ። ነፋስ አቧራውን ወደ ጎረቤት እንዳይወስድብኝ በሩን እዘጋለሁ። አቧራው ቅንድቤ ላይ ያርፋል፣ ከንፈሬ ላይ ይቀመጣል፣ ስልሰው ጣፈጥ ይላል። ሂክማ በሕፃንነቷ እዚያው ጥግ ላይ፣ አንሶላ ሸፍኜላት ትተኛ ነበር። ብቻዋን ሌላ ክፍል መተው እፈራለሁና።

የአፎቻችን ሴቶች፣ ማለት ለሠርግና ለሐዘን የምንረዳዳበት የሴቶች ማኅበር፣ «የነጂሃ ግድግዳ መስታወት ነው» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ሰውነቴ ሁሉ ይሞቀኝ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በረመዳን ነው፤ የጾም መስሎኝ ነበር። እምብርቴ አካባቢ እንደ እርጥብ ልብስ ይጨመቃል፣ ይለቀኛል፣ ደግሞ ይጨመቃል። ከዚያ ሆዴ ደረቀ። ዒድ አለፈ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። አፌ ሳንቲም የላስኩ ይመስል ጀመር። ራሴን ያመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ እጄ የያዘውን ይለቃል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሸዋ በር አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ካርድ ስታወጣልኝ ልጅቷ «ሥራ?» አለችኝ። «የቤት እመቤት» አልኳት። «ሥራ የለም» ብላ ጻፈች። ጨጓራ ነው ተባልኩና መድኃኒት ወሰድኩ። ሳይሻለኝ ሲቀር ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ዘንድ የደም ማነስ ተገኘብኝ፤ ይህ እውነት ነበር። የብረት እንክብል ሰጡኝ። ያ እንክብል ብሎ ብሎ ሆዴን ድንጋይ አደረገው።

የዚያን ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል መቼም አልረሳውም። ለሐኪሙ ቀስ ብዬ በጆሮው ያህል የነገርኩትን ነገር፣ ወረቀቱን የያዘው ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ «ሆድ ድርቀት ያላት ማናት? የሆድ ድርቀቷ ትግባ!» ብሎ ተጣራ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ከፉአድ ሱቅ አጠገብ ጨው የሚሸጡት ናቸው። ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ አጠገቤ ያለችውን አሮጊት አየሁ፣ እሷ የሆነች ይመስል። አሮጊቷ «ምን ታዪኛለሽ? እኔ ጉልበቴን ነው!» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ተራዬን ጥዬ። ማታ ፉአድ «ምን አሉሽ?» ሲለኝ «ጨጓራ» አልኩት።

ሰው በየፊናው ያወራ ጀመር። «ማሻአላህ፣ አርግዘሽ ነው» ያሉኝ አሉ። ፊቴ ሲገረጣ «ጫት አብዝታ ይሆናል» ያሉም አሉ፤ እኔ ጫት አልቅምም። ሆስፒታል ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ምንም አልታየም። መልካም ጠባይ ያለው ወጣት ሐኪም በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እህቴ፣ ጭንቀት ይመስለኛል። ምንድን ነው የሚያስጨንቅሽ?» አለኝ።

«ሕመሜ» አልኩት።

እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ግን አለቀስኩ። የጆሮ ወርቄ በዚያ ሁሉ መመላለስ ሄዷል። ፉአድ አይናገርም፣ ግን ከእኔ ጋር ሲዞር ደንበኛ ይሸሸዋል። አይ ዘይነባ ወደ አንድ ሼክ ወሰዱኝ፤ ሼኩ ቁርአን አነበቡብኝ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። ሲያበቁ «ልጄ፣ ሐኪም ቤቱንም እንዳትተዪ» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ወር የቀለለኝ ቀን እሱ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ግን ሆዴን በእጄ እየዳበስኩ ካንሰር እፈልግ ነበር፤ ሂክማን ማን እንደሚያሳድጋት አስባለሁ።

አንድ ቀን አፎቻችን ዘንድ ትዕግሥት የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣች። ከቤት ዕቃ ውስጥ መርዛማ ኬሚካል እንዲወጣ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ ናት። ቀለም ከየሱቁ እየገዙ ያስመረምራሉ፣ የቀለም ፋብሪካዎችን ያነጋግራሉ፣ የሕፃናት መዋያ ቤቶችን ግድግዳ ይለካሉ። ስለ እርሳስ ነገረችን፤ የመጻፊያው አይደለም፣ ከባዱ ብረት። ቀለም ቶሎ እንዲደርቅና እንዲደምቅ ይጨመርበት ነበር አለች፣ በተለይ ቢጫውና ቀዩ ላይ።

«እኛ ቀለም እንቀባለን እንጂ አንበላም!» አለች ሰሚራ። ሰሚራ ጎረቤቴ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ምላሷ አያርፍም።

ትዕግሥትም ሳቀች። «አሁን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አለ። የድሮው ቀለም ግን ግድግዳችሁ ላይ ነው ያለው። ካልተነካ ብዙም አያስቸግርም። ክፉው ሲላጥ ነው፤ ከሁሉ የከፋው በደረቁ ሲፋቅ። አቧራ ሆኖ አፍ ይገባል። እዚህ ግድግዳ የሚፍቅ አለ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ነጂሃ አለቀላት!» አለች ሰሚራ። «ግድግዳዋን እንደ ድስት ነው የምትፈትገው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትዕግሥት አልሳቀችም። ምልክቶቹን መናገር ቀጠለች፦ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም፣ የእጅ መዛል። አንድ በአንድ እኔን እያነበበች መሰለኝ። ሻሼ ሥር ላብ አጠመቀኝ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የእኔን ስም ያወጣው ግን ያ ግድግዳ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ ሆዴስ እንዴት ልናገር?

«መጥተን ብንለካልሽ ትፈቅጃለሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ቤቴ ንጹሕ ነው» አልኩ።

አይ ዘይነባ ከላይኛው ነደባ ላይ ሆነው «የእኛ ቤት እንግዳ ነው የሚገባበት፣ መሣሪያ አይደለም» አሉ። በዚህ አበቃ። እኔም በአማቴ ተከለልኩ።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስሠራ ግድግዳውን ላለማየት እሞክር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂክማ ዝም አለችብኝ። ልጅ ዝም ሲል ደግ አይደለም፤ ሄድኩ። ከበሩ ኋላ፣ የነደባው ቢጫ ጠርዝ በተላጠበት ቦታ ተቀምጣ በጥፍሯ ትፈነቅላለች። ከንፈሯ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ አለ።

«ሂክማ! ምን እየበላሽ ነው?»

«ጣፋጭ» አለችኝ፣ ለእኔም ዘርግታ።

ጣዕሙን አውቀዋለሁ። ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ ያገኘሁትን ሁሉ አወጣሁ፤ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። አፏን አጠብኩ፣ አዘልኳት፣ ለአማቴ ሳልናገር ወጣሁ። ትዕግሥት ገና ከሐረር አልሄደችም ነበር፤ ሸዋ በር ካሉት የቀለም ሱቆች አንዱ በር ላይ ቆማ ከሻጩ ጋር ስትነጋገር አገኘኋት። ሰው መኖሩን ረሳሁት።

«ሆዴ ደርቋል» አልኳት። «ቁርጠት አለኝ። እጄ ይዝላል። ያን ቀን የዘረዘርሽው ሁሉ አለብኝ። ልጄ ደግሞ ቀለሙን በልታለች።»

ቀለም ሻጩ ፊቱን ወደ ዕቃው አዞረ። ትዕግሥት ለምን ዝም አልሽ አላለችኝም። «አሁን የበላችው ብዙ ነው? አላስመለሳትም? ደህና ትንቀሳቀሳለች?» ብላ ሂክማን ከጀርባዬ ተቀበለችኝ። «መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቤታችሁ።»

ሆስፒታል ሁለታችንንም አዩን። የእርሳስ ምርመራ እዚህ ስለሌለ የድርጅቱ ሰዎች ደማችንን ወደ አዲስ አበባ እንደሚልኩ ተስማሙ። በማግሥቱ ትዕግሥት ግድግዳ መሰርሰሪያ የሚመስል መሣሪያ ይዛ ከባልደረባዋ ጋር መጣች። ግድግዳውን አይበሱትም፤ ዝም ብለው ያስጠጉታል፣ ቁጥር ያወጣል። ፉአድ ሱቁን ዘግቶ ቆሟል። አይ ዘይነባ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሴቶቹና ልጆቻቸው ሊያዩ መጥተው ግማሾቹ ግቢ ውስጥ፣ ግማሾቹ ግድግዳውን ተደግፈው ከውስጥ ቆመዋል።

ትዕግሥት ቁጥሩን ለእኔ ብቻ አሳየችኝ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ፊቷን ግን አነበብኩ።

«ምን አለ?» አለች ሰሚራ።

ትዕግሥት አየችኝ። ለእኔ ነው የተወችው። «አለበት» አልኩ። ድምፄ የወጣም አልመሰለኝም።

ማንም አልሳቀም። ሰሚራ ከተደገፈችበት ግድግዳ ተነሥታ ልብሷን አራገፈች፣ እጇንም ሆዷ ላይ አደረገች። ሌሎቹ ልጆቻቸውን በእጃቸው እየሳቡ ወደ ግቢ አወጡ። በክሊኒኩ ከደረሰብኝ ሁሉ ይህ ይብስብኛል። ሰው መስታወት ነው ያለው ግድግዳ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያሸሹበት አየሁ።

የደሙ ውጤት እስኪመጣ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ሲመጣ ወጣቱ ሐኪም፣ ያው ጭንቀት ነው ያለኝ፣ ራሱ አነበበልን። የእኔ ከፍተኛ ነው። የሂክማ ከእኔ ያነሰ ነው፤ «ለልጅ ግን ትንሽ የሚባል የለውም፣ የሚያድገው አእምሮዋ ነው» አለ። ሰውነት እርሳስን እንደ ካልሲየም ቆጥሮ አጥንት ውስጥ እንደሚያስቀምጠው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደሚወጣ አስረዳን። እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ እኛ ግን ከአቧራው ከራቅን፣ ወተትና ደህና ምግብ ካገኘን፣ ደማችን እየታየ ሊወርድ ይችላል አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ምን እንደምትሠሪ አልጠየቅኩሽም» አለኝ።

«የቤት እመቤት ነኝ እል ነበር» አልኩት። አልወቅሰውም። እኔም መፋቄን ሥራ ብዬ አልቆጠርኩትም።

ከቤት መውጣት ነበረብን። ሂክማን ይዤ ከከተማው ውጭ ሶፊ፣ ወንድሜ እርሻ ሄድኩ። ሚስት ሻንጣ ይዛ ከባሏ ቤት ስትወጣ ከተማ ዝም አይልም፤ «ተፈታች» ተባለ። ፉአድ በየማታው በባጃጅ እየመጣ ሲያድር ወሬው «መርዝ ልታበላው ነበር» ወደሚል ዞረ። አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። ወንድሜ ላሙን አልቦ ለሂክማ ይሰጣታል፤ እኔ እቃወማለሁ፣ አፍልቼ ካልሆነ። እሱም «አንቺ እህቴ፣ ከላም ነው እንጂ ከግድግዳ አልታለበም!» ይለኛል። በእሱ ቀልድ ነው የሳቅኩት።

ሳላፍር ልጻፈው፤ አንድ ጠዋት ሆዴ በደንብ ሠራ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ የአፌ ጣዕም ተመለሰ፣ ቁርጠቱ ራቀ፣ እጄ ባልዲ መያዝ ቻለ። ድካሙ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም፤ አሁንም አንዳንዴ ይመጣል።

አይ ዘይነባ ለረጅም ጊዜ አልመጡም። በመጨረሻ ብቻቸውን መጡ፣ ሂክማን አቅፈው ተቀመጡ፣ ስለ ቀለም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊሄዱ ሲሉ «ቤቱ ድምፅ የለውም» አሉኝ። ይኸው ብቻ።

ሻዕባን ሲደርስ ትዕግሥት ደውላ ለአፎቻው ሴቶች እንድናገር ለመነችኝ። «እኔ ብናገር ከአዲስ አበባ የመጣ ወሬ ነው። አንቺ ብትናገሪ ያምናሉ።» እምቢ አልኩ፤ ሰሚራ መውለጃዋ ደርሶ፣ አሮጌው ቀለም ጨርሶ እንዲወጣላት ቤቷን የሚፍቅ ሰው እንደምትፈልግ ስሰማ ግን ሄድኩ። ተነሥቼ ቆምኩ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ፤ ሌላ ነገር አልወጣኝም። ሁሉም ያዩኛል።

ያኔ አይ ዘይነባ ከጎኔ ተነሡ። አርጅተዋል፤ ተቀምጠው መናገር ይችሉ ነበር።

«መፋቅን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ቢጫውን ቀለም ወድጄ የገዛሁት እኔ ነኝ። እሷ የእኔን እጅ ነው የተከተለችው። የሚወቅስ ካለ እኔን ይውቀስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ተናገሪ አሁን፤ ቆሜልሻለሁ።»

ተናገርኩ። ስለ ሆዴም ተናገርኩ። ሦስት ሴቶች ቆይተው ወደ ጥግ ወስደው ስለ ሆዳቸው ጠየቁኝ፤ ለሐኪም ንገሩ አልኳቸው። ሰሚራ «እኔ ቀለም አንበላም ብዬ ነበር» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ለእናቶች የምለው ይኸው ነው። አሮጌ ቀለም በደረቁ አትፋቁ። የተላጠውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ጣሉ፣ ልጅና ነፍሰ ጡር አጠገቡ አይኑር። ሲቀባም እርሳስ የሌለበት መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ የማያውቅ ከሆነ ከሌላ ግዙ። ስትታመሙ ደግሞ በእጃችሁ ምን እንደምትሠሩ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ባይጠይቃችሁም።

ቤታችን በዚያ ሻዕባን ሳይፋቅ ተጠረገ፣ በአሮጌው ላይ እርሳስ የሌለበት ቀለም ተደረበ። አይ ዘይነባና ሴቶቹ ሠሩት፤ እኔ እንዳልነካ ተከልክዬ ሶፊ ነበርኩ። ከተመለስን በኋላ ደማችን እንደገና ታየ፤ የእኔም የሂክማም ወርዷል። ሐኪሙ ግን «ጨርሰናል» አላለም። ሂክማ ትምህርት ስትጀምር፣ ፊደል ስትይዝ እንከታተላታለን አለ። እሷ የምታውቀውን ሁሉ ትለፈልፋለች፤ እኔ ቃል ስትረሳ ልቤ ይወድቃል። የሕፃን መርሳት ይሁን የእኔ ግድግዳ፣ የሚነግረኝ የለም።

በረመዳን አንዲት የፉአድ ዘመድ ከድሬዳዋ ለአፍጥር መጥታ ነበር። ነደባው ላይ ተደግፋ ስትጨዋወት ጣቷ ግድግዳው ላይ ሄደ። ያልተፋቀው የአሮጌ ቀለም ጠርዝ ከአዲሱ ሥር ጎብጦ ይታያል። ዳሰሰችው፣ አየችኝ።

«ነጂሃ፣ አልፋቅሽውም እንዴ?»

ፊቴ ተቃጠለ። ሂክማ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ተምር ትበላ ነበር።

«አልፋቅኩትም» አልኳት። «ጠጋ በይ፣ ልንገርሽ። እናንተስ ቤት ትፍቃላችሁ?»